ከአማቴ ጋር ዓሣ ያልያዝንባቸው ሰኞዎች

ክራፒ የሚባል ዓሣ አለ። ጆርጂያ ውስጥ በየኩሬው ሞልቷል፣ ብርዱ ሲለቅ ደግሞ ወደ ዳር ስለሚወጣ ሕፃን ልጅ እንኳ ይይዘዋል ይላሉ። እኔ አራት ሰኞ ሙሉ ውሃ ዳር ተቀምጬ ጠብቄው አንድም ቀን አላየሁትም። መልኩን የማውቀው ከስልኬ ነው፤ ብርማ ነው፣ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት፣ አፉ ሰፊ፣ ዓይኑ ትልቅ።

ነገሩ የሆነው ከዛሬ አሥር ዓመት በፊት ገደማ፣ ሎረንስቪል ቤት በገዛን በሁለተኛው ዓመት ነው። ባሌ ረጅም መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና ይነዳል፤ እሑድ ከሰዓት ወጥቶ ዓርብ ይመለሳል። እኔ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንት አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ፤ ኦፍ የምሆነው ሰኞ ብቻ ነበር። ልጅ ገና አልወለድንም። በጥቅምት ወር የባሌ አባት ከሐዋሳ መጡ። ልጃቸው ግሪን ካርድ አስጨርሶላቸው ነው የመጡት፤ ለጉብኝት ሳይሆን ለመኖር።

አማቴ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ጠዋት ተነስተው አልጋቸውን ራሳቸው ያነጥፋሉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ፣ ከዚያ ሳሎን መጥተው ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ጫፉ ላይ ነው ያልኩት፤ ቤተኛ ሰው እንደሚቀመጠው ደገፍ ብለው አይቀመጡም። ምን ላምጣልዎት ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው። «ምንም አልፈልግም፣ ልጄ፤ አትድከሚ።» ምሳቸውን ሸፍኜላቸው ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ስመለስ ሳህኑ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቦታው ገብቶ፣ እሳቸው እዚያው ጫፍ ላይ ናቸው። አንድ ቀን እግራቸውን ሊያፍታቱ ብቻቸውን ወጡ። ሰፈራችን የእግረኛ መንገድ ስለሌለው አስፋልቱን ይዘው ሲሄዱ ያየች ጎረቤት የጠፉ ሰው መስለዋት በመኪናዋ ይዛቸው መጣች። ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን አልወጡም።

ከጥምቀት በኋላ ለልጃቸው በስልክ «ፋሲካን እንዋልና ስለ እኔ ነገር እንነጋገራለን» አሉት። ባሌ ወዲያው ገባው። ዓርብ ሲመጣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ጓዳ ጠራኝ።

«አባዬ ሊሄድ ነው የሚፈልገው» አለ። «ቤት ውስጥ የሆነ ነገር አለ እንዴ?»

ጥያቄው ወጋኝ። የኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ አንድ ሽማግሌ ከልጁ ቤት ወጥቶ ከሄደ ያስወጣችው ምራቱ ናት። ብርዱ ነው አይባል፣ አየሩ ነው አይባል። በክላርክስተን የሐበሻ ሱቆች የጀመረ ወሬ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሳይደርስ አያድርም፤ ከዚያ ሐዋሳ ለመግባት አንድ ስልክ ብቻ ነው የሚፈልገው። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያን ጊዜ የፈራሁት የሰውየውን መሄድ አልነበረም። የፈራሁት ስሜን ነው። እንዲያውም አንዳንድ ቀን ቢሄዱልኝ ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ አለ፤ ከዚያ ደግሞ በገዛ ምኞቴ አፍሬ ሌሊቱን ስገላበጥ አድራለሁ።

የዓሣው ሐሳብ የባሌ ነው። «አባዬ እኮ ዓሣ አጥማጅ ነበር!» ብሎ ተነሳ፣ የረሳው ዕቃ ትዝ እንዳለው ሰው። ልጅ ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቱ ከሐይቁ ዳር ቆሮሶ ዓሣ አንጠልጥለው ይመጡ እንደነበር፣ እሱም በር ላይ ይጠብቃቸው እንደነበር ነገረኝ። በማግስቱ ሄዶ ሁለት የዓሣ ዘንግ፣ መንጠቆ በሳጥን፣ ቀይና ነጭ ተንሳፋፊ ኳስ፣ ሁለት የሚታጠፍ ወንበር ገዝቶ መጣ። ዘንጉን ለአባቱ ሲሰጥ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አማቴ ዘንጉን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሉ። ባሌ ወደ እኔ ዞረና «ሰኞ ሰኞ አንቺ ትወስጂዋለሽ፣ ኦኬ?» አለኝ።

እኔ! ያደግኩት ደሴ ነው፤ ዓሣ የማውቀው በቆርቆሮ ነው።

ደግሞ ሁዳዴ ገብቷል። አማቴ ዓሣ ይጾማል ባይ ናቸው። እኔ በልቤ የሚበላ ቢመስለኝም በእሳቸው ፊት የምከራከርበት አንጀት አልነበረኝም። ስለዚህ ብንይዝ እንኳ ፍሪዘር ውስጥ ከትተን እስከ ፋሲካ የምናየው ዓሣ ነው ልናጠምድ የምንወጣው። ይህን ለሥራ ባልደረባዬ ብነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

በመጀመሪያው ሰኞ ከቤታችን ሃያ ደቂቃ ርቆ ወዳለ የካውንቲው ፓርክ ሄድን። ኩሬው ትልቅ ነው፤ ዙሪያውን ጥድ አለው፣ በአንድ በኩል ውሃው ውስጥ የወደቀ ዛፍ አለ። የማጥመጃ ላይሰንሴን ኪሴ ከትቼ፣ ወንበሩን ተሸክሜ፣ እሳቸውን ከኋላ ተከተልኩ። ቀደም ሲል በምን እንደምናጠምድ ጠይቄያቸው ነበር። ትንሽ አሰቡና «በሊጥ» አሉኝ። ሌሊት የስንዴ ዱቄት በውሃ ለውሼ፣ በፌስታል ቋጥሬ ይዣለሁ። ሊጡን በጣታቸው አድቦልቡለው መንጠቆው ላይ ሰኩና ክንዳቸውን ወደ ኋላ ስበው ወረወሩ። መንጠቆው እግራቸው ሥር ወደቀ። ሁለተኛው ደግሞ ወንበሬን ያዘው። የሐዋሳ አወራወር እንዲህ ነው ማለት ነው ብዬ እኔም እንደሳቸው ወረወርኩ።

ከዚያ ተቀመጥን። ሦስት ሰዓት።

ኳሱ ውሃው ላይ ቆሞ አይነቃነቅም። ነፋስ ሲመጣ ትንሽ ይወዛወዛል፣ ልቤ ዘሎ ይወጣል፣ ነፋሱ ሲያልፍ እሱም ይቆማል። እኔ ዝም ማለት የማልችል ሴት ነኝ፤ ምላሴ ስለት ነው፣ በሥራ ቦታ አዛውንቶቹ የሚወዱኝም ለዚሁ ነው። አንዷ አሮጊት ለምሳሌ ሰው ሠራሽ ጥርሷን አላደርግም ስትል «እሺ፣ እኔ አድርጌው ልሂድ?» እላታለሁ፣ ስቃ ታደርገዋለች። አማቴ ዘንድ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። የባል አባት ናቸው፤ ይከበራሉ እንጂ አይቀለድባቸውም፣ አይጠየቁም። በሦስት ሰዓት ውስጥ የተነጋገርነው ይህ ነው።

«በረደዎት?»

«ደህና ነኝ። አንቺስ?»

«እኔም ደህና ነኝ።»

በመጨረሻ ሁለት ዝይዎች መጥተው ፌስታሉን ቀደው የቀረውን ሊጥ በሉብን። ወደ ቤት ተመለስን። ባሌ ደውሎ «እንዴት ነበር?» ሲል አማቴ «ጥሩ ነው፣ አየሩ ደስ ይላል» አሉት። ባሌ በደስታ ሲስቅ በስልኩ ይሰማኛል። እኔም ይህ ነገር ይሠራል፣ ምናልባት ይቀመጣሉ ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

በሁለተኛው ሰኞ በወደቀው ዛፍ በኩል አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሰውዬ ተቀምጦ አገኘን። ስድሳዎቹን ያለፈ ይመስላል፤ ወንበር የለውም፣ ባልዲ ደፍቶ ነው የተቀመጠው። ሰላምታ ሰጠንና ወደ ውሃው ዞረ። አማቴ ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ ጠብቆ በእጁ ጠራኝ። ምን ዓሣ እንደምንፈልግ ጠየቀኝ። ክራፒ አልኩት። ወደ ሊጤ አየና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሳቁን እየደበቀ መሆኑ ገባኝ።

ከዚያ በትዕግሥት አስረዳኝ። ክራፒ ሊጥ አይበላም፤ የሚበላው እንደ ጣት ጥፍር ያሉ ትንንሽ ዓሣዎችን ነው፣ ከሱቅ በሕይወት እያሉ ይገዛሉ። የሚቆመው ከታች አይደለም፣ መሃል ላይ ነው፤ ዓይኑ ወደ ላይ ነው የሚያየው፣ ከበላዩ ያለፈውን ነገር ተነስቶ ይይዛል፣ ከበታቹ ያለውን ግን ዞር ብሎም አያይም። የእኛ ሊጥ ደግሞ ጭቃው ላይ ነው የተኛው። ተንሳፋፊውን ዝቅ አድርገን መንጠቆው ከመሬት ከፍ እንዲል ማድረግ አለብን። «በዚህ የምትይዙት ዝይ ነው» አለኝ።

አመስግኜው ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። አሁን ችግሬ እጥፍ ሆነ። አማቴ ሲመጡ ምን ልበል? «አባባ፣ ተሳስተዋል» ልበል? እሳቸውን በገዛ ሙያቸው፣ ቤተሰቡ ሁሉ በሚያወራላቸው ሙያ፣ ዘንግ በጨበጠች በሁለተኛ ቀኗ ምራታቸው ታርማቸው? ሞቼ ነው የተገኘሁት! በዚህ ቢቀየሙስ? ባሌ ያገኘው አንድ ማስደሰቻ ይሄ ነው፤ እሱንም እኔ ላበላሽባቸው? እናቴ ዝም አይነቅዝም ትል ነበር። ዝም አልኩ። ለሁለት ሰዓት ተኩል ጭቃ ላይ የተኛ ሊጥ ጠበቅኩ፣ ዓሣ እንደማይመጣ እያወቅኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ሰንብቼ ለሦስተኛው ሰኞ ዘዴ ፈጠርኩ። ጠዋት ብቻዬን ወጥቼ ከማጥመጃ ሱቅ ትንንሾቹን ዓሣዎች በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከነውሃቸው ገዛሁ። ኩሬው ዳር ስንደርስ፣ እንዲያው ድንገት እንደመጣልኝ አድርጌ፣ «አባባ፣ ሱቅ ስገባ እነዚህን ሰጡኝ። ለሙከራ ያህል ይሆኑ እንደሁ...» አልኩ።

አማቴ ዕቃውን ከፍተው ወደ ውስጥ አዩ። ዓሣዎቹ ይርመሰመሳሉ።

«ሕያው ናቸው» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«እንዴት ነው የሚደረጉት?»

«መንጠቆው ላይ... ይሰካሉ ነው የሚሉት።»

መነጽራቸውን አስተካክለው እንደገና አዩ። «በጾም ነፍስ ያለው ነገር አልሰካም፣ ልጄ» አሉና ጎንበስ ብለው ዕቃውን ውሃው ላይ ገለበጡት። ትንንሾቹ ዓሣዎች ብልጭ ብለው ጠፉ። «ይሂዱ» አሉ፣ እጃቸውን እያራገፉ። ባለባልዲው ሰውዬ ዘንጉን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። እሱን ስመለከት ሳቄ መጣ፣ በሳል አስመስዬ ዋጥኩት። ከዚያ ሊጤን ከቦርሳ አወጣሁ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው።

ያን ዕለት ስንመለስ መኪናው ውስጥ «ቅር አለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «ኧረ በፍጹም» አልኩ። ለአፍታ የሆነ ነገር ሊናገሩ የፈለጉ መሰለኝ። ከዚያ መስኮቱን ማየት ጀመሩ፣ እኔም መንገዴን።

አራተኛው ሰኞ ከሆሣዕና በፊት ያለው ነበር። ሳምንቱን ሞቆ ሰንብቶ ያን ቀን አየሩ ድንገት ተገለበጠና ብርዱ ተመለሰ። እኔ በዋዜማው ደብል ሺፍት ሠርቼ እግሬ አብጧል። እንደዚያም ሆኖ ሄድን። ውሃው ግራጫ ነው፤ ዝይዎቹ እንኳ አልመጡም። ባለባልዲው ሰውዬ ብቻ ኮፍያውን ጆሮው ላይ ስቦ ቦታው ላይ ነበር።

ገና በመጀመሪያው ውርወራ የአማቴ መንጠቆ የወደቀውን ዛፍ ያዘው። ጎተቱት፣ ክሩ ተበጠሰ። «ምንም አይደል» ብለው ከሳጥኑ አዲስ መንጠቆ አወጡና ሊያስሩ ጀመሩ። እኔ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ አያቸው ነበር። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አሾለኩና እንደ ጫማ ማሰሪያ አሰሩት። ሲስቡት ተፈታ። ደግመው አሰሩት፣ ተፈታ። ሦስተኛም። ጣቶቻቸው በብርዱ ደንዝዘዋል ብዬ አሰብኩ። በኋላ ግን ደንዝዘው እንዳልሆነ ገባኝ፤ ጣቶቹ ሥራውን አያውቁትም። እኔ በስልኬ ቪዲዮ አይቼ በአንድ ማታ የለመድኩትን ቋጠሮ እሳቸው በዕድሜያቸው አስረው አያውቁም።

ድካሙ ነው መሰለኝ፣ ምላሴ ያለፈቃዴ ተፈታ።

«አባባ፣ ሐዋሳ ማን ነበር የሚያስርልዎት?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልመልሰው ብል አይመለስም። አማቴ ቀና ብለው አዩኝ፤ ዳይሬክተር ተማሪውን እንደሚያይ ነው ያዩኝ። ከዚያ መንጠቆውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ማንም» አሉ። «እኔ በሕይወቴ ዓሣ አጥምጄ አላውቅም።»

«እንዴ!»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ወርጄ ከአጥማጆቹ እገዛ ነበር። ባልሽ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነው፣ በር ላይ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን ለጓደኞቹ ‹አባቴ ነው የያዘው› ሲላቸው ሰማሁት። እንዲያ ኮርቶ ሳየው አይደለም ለማለት አቃተኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ይኸው ሠላሳ ዓመት። ባለፈው ደግሞ ያንን ዘንግ ይዞ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ሲመጣ ምን ልበለው?»

«ሊጡስ፣ አባባ? ሊጡን ከየት አመጡት?»

«አንቺ በምን እናጥምድ ብለሽ ስትጠይቂኝ የሆነ ነገር መመለስ ነበረብኝ። ልጆች በሊጥ ሲሞክሩ ያየሁ መሰለኝ።»

ሳቄ ፈነዳ። ብርድ ልብሴ ወደቀ፤ እኔ እሳቸው ፊት እንደዚያ ስቄ አላውቅም። እኔም የባለባልዲውን ምክር፣ ሁለት ሰኞ ሙሉ ጭቃ ላይ የተኛ ሊጥ እያወቅኩ መጠበቄን ነገርኳቸው። «አውቀሽ ነው ብርድ ላይ ያስቀመጥሽኝ?» ብለው እሳቸውም ሳቁ፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ሳያሰሙ። እንደዚያ እንደሚስቁ አላውቅም ነበር። «ለልጄ እንዳትነግሪው» አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ ባለፈው ዓመት በስልክ ራሳቸው «አሁንስ ይወቀው» ስላሉኝ ነው የምጽፈው። ባሌ ሆይ፣ እንግዲህ ከዚህ ተረዳ።

ሳቁ በረደ። መንጠቆውን ተቀብዬ አሰርኩላቸው፣ ኳሱን ዝቅ አደረግኩ፣ ሊጡን ትቼ ዝም ብዬ ወረወርኩት። ባዶ መንጠቆ። ለነገሩ ልዩነት አልነበረውም። ያን ጊዜ በሥራ ላይ በየአልጋው እየዞርኩ ስጠይቀው የምውለው ነገር አፌ ላይ መጣ።

«አባባ፣ ምን ይፈልጋሉ?»

«ምንም አልፈልግም፣ ል...»

«አይ፣ የእውነት። ምን ይፈልጋሉ?»

ወደ ውሃው ዞሩ። ሲመልሱ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፣ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ቤቴ መግባት እፈልጋለሁ። እዚህ አልከፋኝም፤ አንቺን እንዳይከፋሽ። አልጋው ይመቻል፣ ምግቡ ይጣፍጣል። ግን ከቤት ለመውጣት ሰው መጠበቅ አልቻልኩም። እዚያ ጠዋት ተነስቼ እወጣለሁ፣ ስፈልግ እመለሳለሁ። የዕድራችን ዳኛ ነኝ፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ ይጠሩኛል፣ ጎረቤት በድንበር ሲካሰስ ይጠሩኛል። እዚህ የምጠራው ለምሳ ብቻ ነው።»

ምን እንደተሰማኝ በግልጽ ልናገር። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ የፈራሁት ደረሰ፣ ሊሄዱ ነው። ከዚያ ከፋኝ። ለአራት ሳምንት፣ እግሬ እያበጠ፣ በዚያ ብርድ... ደግሞም ገና አሁን ነው ሲስቁ ያየኋቸው፤ ገና አሁን ነው ደስ ያሉኝ። ስለዚህ እሱንም ተናገርኩት።

«እርስዎ ሲሄዱ እኔ ነኝ የምታማው። ምራቷ አባረረቻቸው ነው የሚሉት።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ለዚህ አይደል እስካሁን የተቀመጥኩት?»

«ምን አሉ?»

«ከገና ጀምሮ መሄድ እፈልግ ነበር። በመጣሁ በሦስት ወር ተነስቼ ብሄድ ስምሽን ያነሱታል። ፋሲካን ከዋልኩ ግን አፋቸውን ይይዛሉ ብዬ ነው። ዕድር ላይ ስንቷ ምራት ስትታማ ሰምቼ ዝም ብያለሁ፤ አሁን ግን ያቺ ምራት ሾርባ የምታቀርብልኝ ሰው ሆነች። ፋሲካ ሲቀርብ ግን ጨነቀኝ፤ እስከዚያም የምችለው አልመሰለኝም።»

እኔ ስሜን ፈርቼ ቀን ስቆጥር፣ እሳቸው ስሜን ሊጠብቁልኝ ክረምቱን ሶፋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር ያሳለፉት። እጃቸውን ሳምኩት። እንደ ግራጫው ውሃ ቀዝቅዞ ነበር፣ በሁለት እጄ ይዤ አሞቅኩት።

«አሁን እንኳ ባይሄዱ» አልኳቸው። «ገና አሁን መነጋገር ጀመርን።»

«ስልክ አለ አይደል? እስካሁን የምንለው ጠፍቶ ነው እንጂ።»

ልንነሳ ስንል አማቴ ባለባልዲው ሰውዬ ስንት እንደያዘ ጠይቂልኝ አሉ። ጠየቅኩት። ተነስቶ ባልዲውን ገልብጦ አሳየን፤ ምንም የለም። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ አልነካኝም አለ፤ ብርዱ ሲመለስ ዓሣው ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ ያኔ ሁሉን ነገር በትክክል ብታደርግም አይነካም። ታዲያ ለምን ትመጣለህ አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀና ስለማያውቅ ነው፣ መቼ እንደሚነካ አይታወቅም አለኝ። ይህን ስተረጉምላቸው አማቴ ኮፍያቸውን አንስተው ሰላምታ ሰጡት። ጥፋቱ የሊጣችን ብቻ እንዳልነበረ በማወቄ ትንሽ ቀለል አለኝ። በሚቀጥለው ሰኞ ሕማማት ገብቶ አማቴ ቤተ ክርስቲያን ዋሉ፤ ወደ ኩሬው አልተመለስንም።

መኪና ውስጥ ለልጃቸው ማን ይንገረው በሚለው ተከራከርን። እሳቸው «እኔ ልንገረው» አሉ። እኔ ግን እምቢ አልኩ፤ እሳቸው ልጃቸው ሲያዝን ካዩ እንደገና «ደህና ነኝ፣ ምንም አልፈልግም» ማለታቸው አይቀርም። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ ስድስት ወር ሙሉ አይቼዋለሁ።

ዓርብ ማታ ባሌ መጣ። ሽሮውን አቀረብኩ፣ ሦስታችን ከብበን ተቀመጥን። ሁለት ጉርሻ እስኪጎርስ ጠብቄ ተናገርኩ።

«አባባ ከፋሲካ በኋላ ወደ ቤታቸው መመለስ ይፈልጋሉ።»

ባሌ እጁ ከእንጀራው ላይ ቀረ። አባቱን አላየም፤ እኔን ነው ያየው።

«አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ?» አለ። «ዓሣ ማጥመዱ ደስ ብሎት አልነበረም እንዴ? ሰኞ ደህና ነበር። ምን ብለሽው ነው?»

ይኸው፤ ገና ከቤቴ ሳይወጣ፣ ከራሴ ማዕድ ላይ ጀመረ። አፌን ከፈትኩ። ብዙ ነበረኝ፤ ስለ ሰኞዎቹ፣ ስለ እግሬ፣ እሱ በሌለባቸው ቀኖች ሁሉ ስለሚሆነው። አማቴ ግን እጃቸውን አነሱ፤ ክፍል ውስጥ ጫጫታ ሲያስቆሙ እንደሚያነሱት ይመስለኛል።

«ተው» አሉት። «አንተ ብርድ ልብስ ገዛህልኝ። ቴሌቪዥን ገዛህልኝ። የዓሣ ዘንግ ገዛህልኝ። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ አንድም አላጓደልክም። ግን ከጥቅምት ጀምሮ ምን ይፈልጋሉ ብላ የጠየቀችኝ፣ መልሱንም ቁጭ ብላ የሰማችኝ እሷ ናት። እሷን አትናገር።»

ባሌ ከጆሮው እስከ አንገቱ ፍም መሰለ። እኔ ተነስቼ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ማሽኑን ተደግፌ ቆሜ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ኀዘን አልነበረም። አግብቼ እዚያ ቤተሰብ ውስጥ ከገባሁ ጀምሮ ማንም ሰው በእኔ ፊት ለእኔ ተሟግቶልኝ አያውቅም።

ፊቴን ታጥቤ ስወጣ አባትና ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በባሌ ስልክ ትኬት ያያሉ። አማቴ ደገፍ ብለዋል። ባሌ ቀኖቹን ጮክ ብሎ እያነበበ ነበር። እኔን ሲያይ ቆም አለና ተነስቶ ቦታ ለቀቀልኝ። ከዚያ ወደ አባቱ ዞሮ «አባዬ፣ አንተ የምትፈልገው የትኛውን ቀን ነው?» አላቸው። አማቴ መነጽራቸውን አወጡና ሳይቸኩሉ ማየት ጀመሩ።